ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ

ሰፈራችን መብራት ከሄደ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስልኬ 4 በመቶ ላይ ደርሷል። ቤት ውስጥ ያለው ብቸኛ ኃይል ባለ 12 ቮልት የሞተር ሳይክል ባትሪ ነው። "ይሄማ ቀላል ነው!" ብዬ ተነሳሁ።

12 ቮልቱን ወደ 5 የሚያወርድ 7805 የሚባል ሬጉሌተር ገዛሁ። ሦስት እግር አለው፤ ፊቱ ጥቁር ፕላስቲክ፣ ጀርባው ቀዳዳ ያለው ብረት ነው። ሽቦውን በየድኩ፣ ስልኬን ሰካሁ፣ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። ደስታዬ ግን ደቂቃዎች እንኳን አልቆየም፤ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሰ፤ ደግሞ ጠፋ።

በማግስቱ በንዴት ወደ ሱቁ ሄድኩና ሰው ፊት "ጋሼ፣ ፎርጅድ ነው የሸጡልኝ!" አልኳቸው። እሳቸው አልተቆጡም።

"ብረቱን ከምን ጋር አሰርከው?"

"ከምንም።"

"እንግዲያው ፎርጅድ አይደለም ልጄ። ሊቃጠል ሲል ራሱን እያጠፋ ነው።"

ቁጭ ብዬ ሳሰላው ገባኝ። ስልኬ ግማሽ አምፔር ያህል ቢስብ፣ የሚደርሰው 2.5 ዋት ነው። የተረፈው 7 ቮልት ግን የትም አይሄድም፤ እዚያው ሬጉሌተሩ ውስጥ 3.5 ዋት ሙቀት ይሆናል። ከስልኬ ይልቅ አየሩን ነበር ቻርጅ የማደርገው! ይህ ዓይነቱ ፓኬጅ ብቻውን ሲቆም በእያንዳንዱ ዋት ውስጡ በ65 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል። 3.5 ዋት ማለት ከ220 ዲግሪ በላይ ጭማሪ ነው። ቺፑ ደግሞ 150 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ራሱን ይዘጋል።

ትኩስ ሻይ በብረት ኩባያ ስትይዙ ጣታችሁ ይለበለባል፤ በፕላስቲክ ሲሆን ግን ትችሉታላችሁ። ፕላስቲክ ሙቀት አያሳልፍማ። ለቺፕ ይህ መጥፎ ዜና ነው። ስለዚህ ከጀርባው ብረት ይደረግለታል። ቀዳዳውም ለጌጥ አይደለም፤ በብሎን ሰፊ አልሙኒየም ላይ እንዲታሰር ነው። ባለሱቁ ከአሮጌ መስኮት የተቆረጠ አልሙኒየም ሰጡኝ፤ አሰርኩት፣ ከዚያ በኋላ አልጠፋም።

ስልካችሁ ውስጥ ግን ለብሎን የሚሆን ቦታ የለም። አንዳንዶቹ ቺፖች ከሆዳቸው ሥር ጠፍጣፋ ብረት አላቸው፤ ቦርዱ ላይ ይበየድና ሙቀቱ ወደ ቦርዱ መዳብ ይወርዳል። ፕሮሰሰሩ ደግሞ በጥቃቅን የብየዳ ኳሶች ላይ ነው የሚቀመጠው። ይባስ ብሎ በብዙ ስልኮች ሜሞሪው ፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ ታዝሏል፤ ቦታ ይቆጥባል፣ የሙቀቱን መውጫ ግን ያጠበዋል። ፋን የለም። ሙቀቱ በቦርዱና በፍሬሙ አድርጎ፣ በጀርባው በኩል እጃችሁ ላይ ይደርሳል።

ስለዚህ ስልካችሁ ሞቅ ሲል ሁልጊዜ ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ሙቀቱን እያወጣ ነው። አደጋው መውጫውን ስትዘጉበት ነው። ወፍራም ከቨር አልብሳችሁ፣ ቻርጅ ላይ ሰክታችሁ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ጌም ስትጫወቱ ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ጌሙ ይንቀራፈፋል፣ ስክሪኑ ይደበዝዛል፣ ቻርጁ ይዘገያል። እኛም "ይሄ ስልክ አረጀ" እንላለን። ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ባትሪው ነው፤ በሙቀት ውስጥ ደጋግሞ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ቶሎ ይደክማል።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ሲግል ከቨሩን አውልቁ፣ ከቻርጅ ንቀሉት፣ ጠንካራና ቀዝቃዛ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት። ፍሪጅ ውስጥ ግን እንዳትከቱት፤ ውስጡ ጤዛ ይቋጥራል።

እኔ ባለሱቁን ይቅርታ ጠይቄያለሁ፤ ያውም ሰው ፊት። ስልኬም ከዚያ ወዲህ ትራስ ሥር አድሮ አያውቅም።