እህቴ፣ መድኃኒትሽን ስትወስጂ ማህፀንሽንም አስመርምሪ

የተወደድሽ እህቴ፣ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ በጸሎት ኅብረት መካከል ጮክ ተብሎ የሚነገር አይደለም። «ስለ አንድ ሕመሜ ጸልዩልኝ» እንላለን እንጂ ስሙን አንጠራውም። እኔ ግን ልጥራው፤ የብልት ማሳከክ፣ ሽታ ያለው ፈሳሽና የማህፀን ጫፍ ካንሰር። የምጽፈውም በተለይ ኤችአይቪ በደማቸው ውስጥ ላለ እህቶችና ለባሎቻቸው ነው።

ኤችአይቪ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያዳክም በሌላዋ ላይ ቶሎ የሚያልፈው ሕመም በአንቺ ላይ ሊመላለስ ይችላል። አይብ የመሰለ ነጭ ፈሳሽና ማሳከክ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። ስስና የዓሣ ሽታ ያለው ከሆነ የባክቴሪያ መዛባት ሊሆን ይችላል። አረፋማ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ደግሞ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፈውን ትሪኮሞናስን ያመለክታል፤ ባልሽ አብሮሽ ካልታከመ ተመልሶ ይይዝሻል። ሦስቱም መድኃኒት አላቸው። ውስጥን በሳሙና ወይም በሎሚ ማጠብ ግን ነገሩን ያብሳል፤ እባክሽ ተዪው።

ይሁን እንጂ ፈሳሹ ስለ ጠፋ ብቻ ተረጋግተሽ አትቀመጪ። ለማህፀን ጫፍ ካንሰር የሚዳርገው ሂዩማን ፓፒሎማ የተባለው ቫይረስ አያሳክክም፤ አይሸትም። ኤችአይቪ ያለባት ሴት በዚህ ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ 6 እጥፍ ያህል ነው። ከግንኙነት በኋላ ወይም ካረጡ በኋላ ደም ማየት ለነገ የሚባል ነገር አይደለም።

በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በነፃ በመሰጠቱ ስንት እናት ከሞት ተረፈች! ታዲያ ከኤድስ የተረፈችው በካንሰር ለምን ትሙት? ከ2002 እስከ 2006 ዓ.ም. በ14 የጤና ተቋማት ኤችአይቪ ያለባቸው ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ሲመረመሩ፣ ከአሥሯ በአንዷ ያህል ላይ የማህፀን ጫፍ ለውጥ ተገኝቷል። ምርመራው የሚያስፈራ አይደለም። ነርሷ በአቼቶ ውስጥ ያለውን ዓይነት አሲድ ትቀባለች፤ ችግር ያለበት ቦታ ይነጣል። ካንሰር ሳይሆን ከተደረሰበት በከፍተኛ ቅዝቃዜ ወይም በሙቀት ይታከማል፤ ብዙ ጊዜም በዚያው ዕለት።

የዓለም ጤና ድርጅት ኤችአይቪ ያለባት ሴት ከ25 ዓመቷ ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ እንድትመረመር ይመክራል። በየጥኖራ፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ያለሽ እህቴ፣ ለዚህ ብለሽ ሌላ ቀን አትፍጂ፤ መድኃኒትሽን በምትወስጂበት ቀን ጠይቂ። እዚያ ከሌለ ወደ ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል እንዲጽፉልሽ ንገሪያቸው።

አንድ አገልጋይ «ጸልየንልሻል፤ መድኃኒቱን ተዪው» ቢልሽ አትስሚው። የፓስተር ሚስት ሆኜ ነው ይህን የምልሽ። ጸሎቱንም ክኒኑንም ያዢ።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተንም አልረሳሁህም። ሚስትህ ይህን ሕክምና ካገኘች ቁስሉ እስኪድን ለአንድ ወር ያህል ከግንኙነት መታቀብ ይኖርባችኋል። ይህን በስስት ሳይሆን በፍቅር ጠብቅላት። ደግሞም «ከማን አመጣሽው?» አትበላት፤ ቫይረሱ ከዓመታት በፊት የገባ ሊሆን ይችላል፤ ያመጣኸውም አንተ ልትሆን ትችላለህ።

ሴት ልጅ ካላችሁ ክትባቱ አያምልጣት። በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሮ፣ በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ ጊዜ መርፌ ተሰጥቷል። ልጅቷ ራሷ ኤችአይቪ ካለባት ግን አንዱ አይበቃትም፤ ቢያንስ 2፣ ቢቻል 3 ጊዜ ያስፈልጋታልና ለጤና ባለሙያው ቀድማችሁ ንገሩ።