የዘረመል ምርመራና የስምምነት ቅጽ፦ ተረትና እውነታ

አሜሪካ ውስጥ የጡት ወይም የኦቫሪ ካንሰር በቤተሰቧ የተደጋገመባት ሴት ብራካ 1 እና ብራካ 2 የሚባሉትን ጂኖች እንድትመረመር ሐኪሟ ሊመክራት ይችላል። ናሙና መስጠቱ ቀላል ነው፤ ትንሽ ደም ወይም ምራቅ ይበቃል። ከባዱ ከዚያ በፊት የሚቀርበው የስምምነት ቅጽ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ስለ ቅጹም ስለ ውጤቱም የሚባለው ብዙ ነው።

ተረት፦ «ሐኪሙ ካለ መፈረም ነው፤ ወረቀቱ ለሆስፒታሉ ነው።»

እውነታ፦ ፊርማ የሚመጣው ከማብራሪያ በኋላ ነው። የትኛው ጂን እንደሚታይ፣ ምን ዓይነት ውጤት ሊመጣ እንደሚችል፣ ውጤቱ ሕክምናዎን ይለውጥ እንደሆነ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ የተረፈው ናሙና ምን እንደሚደረግበት ሊነገርዎ ይገባል። «ላስብበት» ማለትም፣ እምቢ ማለትም ይቻላል።

ተረት፦ «አስተርጓሚ ምን ያደርግልኛል? ልጄ አለችልኝ።»

እውነታ፦ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ለአካለ መጠን ባልደረሰ ልጅ ማስተርጎምም አይፈቀድለትም። የ14 ዓመት ልጅ «ይህ የጂን ለውጥ ወደ ልጅሽ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው» የሚለውን ለእናቷ ስትነግር ያስቡት፤ የምታስተረጉመው የራሷን ጉዳይ ነው። እናቷ እንዳትደነግጥ ብላ ነገሩን ብታለሳልሰው፣ እናትየው ባልሰማችው ነገር ላይ ፈረመች ማለት ነው። ስለዚህ ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ይበሉ፤ በስልክ ወይም በቪዲዮም ሊቀርብልዎ ይችላል።

ተረት፦ «ውጤቱ ወይ አለብሽ ነው፣ ወይ የለብሽም።»

እውነታ፦ ሦስተኛ ውጤትም አለ፦ «ለውጥ ታይቷል፤ ጎጂ መሆኑ ግን አይታወቅም» የሚል። የማመሳከሪያ መረጃው በአብዛኛው የተሰበሰበው ከአውሮፓ ዝርያ ሰዎች ስለሆነ፣ ይህ ውጤት አፍሪካዊ ዝርያ ባላቸው ላይ ይበዛል። ጊዜ ሲያልፍ ከእነዚህ ለውጦች አብዛኞቹ ጉዳት የሌላቸው ሆነው ይገኛሉ፤ በዚህ ውጤት ብቻ ጡት ለማስወጣት መቸኮል አይገባም።

ጎጂ ለውጥ መገኘቱም ቢሆን ካንሰር ይዞሻል ማለት አይደለም። እንዲህ ያለ ለውጥ ካላቸው ሴቶች ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዕድሜያቸው የጡት ካንሰር ይይዛቸዋል፤ በአሜሪካ ከሴቶች በጠቅላላ የሚያዙት 13 በመቶ ገደማ ናቸው። «የለብሽም» የተባለችውም ብትሆን መደበኛውን የጡት ምርመራ መተው የለባትም።

ተረት፦ «የሴት ነገር ነው፤ በእናት በኩል ብቻ ይመጣል።»

እውነታ፦ ከአባትም ይወረሳል፤ ወንድ ልጅም ይወርሰዋል። ወንዶችን ለፕሮስቴትና ለጡት ካንሰር የበለጠ ያጋልጣል። በሽታን መደበቅ በለመድንበት ቤት ከባድ ቢሆንም፣ ውጤቱ እህት ወንድምንም ይመለከታል። ለማን እንደሚነግሩ ከምርመራው በፊት ያስቡበት። ሕፃናትን ግን ለዚህ ጂን መመርመር አይመከርም፤ አድገው ራሳቸው ይወስናሉ።

ተረት፦ «ውጤቱ ከታወቀ ኢንሹራንስ ይሰርዘኛል፣ ከሥራም ያስወጡኛል።»

እውነታ፦ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የአሜሪካ ሕግ፣ ጊና፣ የጤና ኢንሹራንስ ድርጅቶችና 15 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ቀጣሪዎች በዘረመል መረጃ እንዳያበላልጡ ይከለክላል። የሕይወት፣ የአካል ጉዳትና የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም። የሕይወት ኢንሹራንስ የመግባት ሐሳብ ካለዎት ከመመርመርዎ በፊት ይጠይቁ።

መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባላል። ብዕሩን ከማንሳትዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ውጤቱ ለሕክምናዬ ምን ይጠቅማል? ለቤተሰቤስ ምን ማለት ነው? የውጤቱ ትርጉም ወደፊት ቢለወጥ የሚነግረኝ ማነው? መልሱ በሚገባዎት ቋንቋ እስኪነገርዎ ድረስ አይፈርሙ።