በሳፋ ውስጥ የሚፍለቀለቅ ኬሚስትሪ

ገላ መዘፍዘፊያ ገንዳ የሌለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ፣ «ባዝ ቦምብ» የተሰኘው እንክብል አይመለከተኝም ይል ይሆናል። ሆኖም ለእግር መዘፍዘፊያ አንድ ሳፋ ይበቃል። እንክብሉን በ1989 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የፈለሰፈችው ሞ ኮንስታንቲን ናት።

ቤኪንግ ሶዳና ሲትሪክ አሲድ ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ተቀላቅለው በሰላም ይቀመጣሉ። ውሃ ሲያገኙ ግን ሟምተው ይገናኛሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይፈልቃል። 25 ግራም ሶዳ አጸግብሮቱን ከጨረሰ በባሕር ወለል 7 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። የአየር ግፊቱ በሩብ ገደማ በሚያንስበት በአዲስ አበባ ዙሪያ ያው ጋዝ ወደ 9 ሊትር ይሰፋል።

እንግዲህ በሲትሪክ አሲድ ፈንታ የሎሚ ጭማቂ መጠቀም አያዋጣም። ጭማቂው ውሃ ስለያዘ ድብልቁ ገና በእጅ ላይ ሳለ ፈልቶ ያልቃል። ስታርቹን ግን በሚገባ ደርቆ በተነፋ ቡላ መተካት ይቻላል፦ ሁለት እጅ ሶዳ፣ አንድ እጅ ሲትሪክ አሲድ፣ አንድ እጅ ቡላ፣ እስኪያያዝ ድረስ ብቻ ጥቂት የኑግ ዘይት።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያሻው መዓዛው ላይ ነው። ቡና ላይ ጣል የምናደርገው ጤና አዳም (ስሙ ያዘናጋል!) ፉራኖኩማሪን የተባሉ ውህዶች አሉት። እነዚህ ቆዳ ላይ ቀርተው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያገኛቸው ቆዳውን ያቃጥላሉ፤ ውሃ የቋጠረ ቁስልና ቶሎ የማይለቅ ጥቁረት ያስከትላሉ። በደጋ አገር ጨረሩ ይበረታል። የሎሚ ጭማቂም ተመሳሳይ ጉዳት ያደርሳል። ስለሆነም መዓዛ የሌለው እንክብል ይመረጣል፤ ፍልቅልቁ እንደሆነ አይቀንስም።