በአርጩሜ ያደገ ልጅ

መርሳ ዙሪያ ከብት ሲጠብቅ የሰው ማሽላ ያስበላ ልጅ ማታ አርጩሜ ይጠብቀዋል። ወልዲያ ከተማ ከትምህርት ቤት የጠፋውም ከኩርኩምና ከቁንጥጫ አያመልጥም፤ በርበሬ የሚያጥን ወላጅም አለ። ለምን ብትሉ መልሱ ያው ነው፦ ካልተቀጣ ዱርዬ ይሆናል።

ሳይንሱ ይህን አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎቹ ኤልዛቤት ጌርሾፍ እና አንድሪው ግሮጋን-ኬይለር ከ160 ሺህ በላይ ልጆች የተካተቱባቸውን ጥናቶች አንድ ላይ ሲመረምሩ፣ በመመታት የሚቀጡት ይበልጥ ጠበኛና እምቢተኛ ሆነው አገኟቸው። «አስቸጋሪ ስለሆኑ ነዋ የተመቱት!» የሚል አንባቢ ይኖራል። ተገቢ ጥርጣሬ ነው፤ ዱላውና አስቸጋሪነቱ እርስ በርስ ይመጋገባሉ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጄራልድ ፓተርሰን እንዳሳየው፣ አባት ይቆጣል፣ ልጅ ይመልሳል፣ አባት ዱላ ያነሳል፣ ልጅ ዝም ይላል። አባት ዱላው የሠራ ይመስለዋል። ልጁ የተማረው ግን የበረታ እንደሚያሸንፍ ነው፤ ሲጎረምስ ተራው የእሱ ይሆናል። ዱላ የሚፈራ ልጅ ጥፋቱን መደበቅ፣ ከቤት ርቆ ማምሸት ይለምዳል፤ ስርቆት የሚያስተምሩትን የሚያገኘውም እዚያው ውጭ ነው። ከብት ጠባቂው ልጅም ከግርፋቱ ይልቅ የባለማሽላውን ማሳ ሲያርም ቢውል ጥፋቱን ከነዋጋው ባወቀው ነበር።

የተመታ ሁሉ ወንጀለኛ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። ተመራማሪዋ ካቲ ዊዶም እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ጥናት፣ በደል ወይም ቸልተኝነት እንደደረሰባቸው በፍርድ ቤት ከተረጋገጠ 908 አሜሪካውያን ሕፃናት ውስጥ በታዳጊነታቸው በፖሊስ የተያዙት 26 በመቶ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ በደል ካልተመዘገበባቸው የማነጻጸሪያ ልጆች ደግሞ 17 በመቶ። ልዩነቱ ቀላል ባይሆንም አብዛኞቹ አልተያዙም።

ቅጣት በደል የሚሆነው የት ላይ ነው? ሐኪም ቁስሉን ያያል። ሮጦ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ፣ ቅልጥሙ፣ ግንባሩ ይላጣል፤ ጀርባ ላይ የተጋደመ ሰንበርና የበለዘ ጆሮ ግን ከመውደቅ እምብዛም አይመጡም። ወላጅ ከሚናገረው ጋር የማይገጥም ቁስልም ያጠራጥራል። ጎረቤት ወይም መምህር ለፖሊስ ቢያመለክት ግን ሕጉ ክፍተት አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 የአካል ቅጣትን የሚከለክለው በትምህርት ቤቶችና በሕፃናት ማሳደጊያ ተቋማት ነው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ አሳዳጊን ይቀጣል፤ ለመልካም አስተዳደግ ሲባል የሚወሰድን ተገቢ እርምጃ ግን አይነካም፤ ልኩንም ለይቶ አያስቀምጥም።

የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ዳኛ ታዳጊን እስከ 12 ጊዜ እንዲያስገርፍ ይፈቅድ ነበር፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ይህን ቅጣት አስቀርቷል። ዛሬ ወልዲያ ላይ ሰርቆ የተፈረደበትን ልጅ ፍርድ ቤት አያስገርፈውም። ምንም ያልሰረቀውም ልጅ በገዛ ቤቱ ቢያንስ ይህን ያህል የሕግ ከለላ ሊያገኝ ይገባል።