ብልጭ ድርግም ያለው መብራትና የገዳማችን ፒክአፕ

ክቡራን አበውና እማት፣ ከሩቅ አገር የመጣችሁ ተሳላሚዎች ሆይ፤ የገዳማችንን አሮጌ ፒክአፕ የማያውቅ ከመካከላችሁ ጥቂት ነው። ሻንጣችሁን ከማረፊያ ወደ ማረፊያ ያደረሰች፣ ለዮርዳኖስ በዓል ድስቱንና እንጀራውን የተሸከመች፣ ለታመመ አረጋዊም በሌሊት የተነሣች እርስዋ ናት። ስለዚህ ስለ እርስዋ ሕመም መጻፌ ከቁም ነገር የወጣ አይምሰላችሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ጥር 9 ቀን ማታ ነው። ለከተራና ለጥምቀት የሚያስፈልገውን ስንቅ ጭነን ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ስንወርድ መሪውን የያዘው አንድ ወጣት ዲያቆን ነበር፤ እኔና አንዲት እማሆይ በጎኑ ተቀምጠናል። ኢየሩሳሌም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 800 ሜትር፣ ኢያሪኮ ደግሞ ከባሕር ወለል በታች ወደ 250 ሜትር ስለሆኑ ቁልቁለቱ ከ1000 ሜትር ያልፋል። ከመንገዱ እኩሌታ ሳንደርስ የፊት መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር። ጎማው ጉድጓድ በነካ ቁጥር መንገዱ ይጠፋል፤ ተመልሶም ይታያል። በዳሽቦርዱ ላይ የባትሪ ምልክት ያለባት ቀይ መብራት ግን አልበራችም።

«አባቴ፣ ባትሪው ነው» አለኝ ዲያቆኑ።

«ልጄ፣ በዚህ ዓመት ሁለት ባትሪ ገዝተናል» አልሁት።

ከዚያ በኋላ ሁላችንም ዝም አልን። ዳር ዳሩን ይዘን፣ በዝግታ እየተጓዝን እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ደረስን።

ባትሪዎቹን የገዛነው ሻጭ መክሮን ነው ልል ነበር፤ ነገር ግን የፈቀድሁት እኔ ነኝ። ማለዳ ሞተሪኖው በደከመ ጊዜ «ባትሪ ነው» ሲሉኝ ሳልመረምር ተቀበልሁ። ገንዘቡም የተሳላሚ መባ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት በኢያሪኮ ገዳማችን ግቢ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ስንመለከት፣ ከተሳላሚዎቹ አንዱ ቀረበ። በአዲስ አበባ ዕድሜውን በመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ያሳለፈ ሰው ነው። «አባታችን፣ ሳይለኩ አይገዛም» ብሎ ከሻንጣው ትንሽ ቴስተር አወጣ። ቴስተር ይዞ የሚሳለም ሰው ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አስቀድሞ የጠየቀው መብራቱ መቼ መቼ እንደሚርገበገብ ነበር። እኛ የመጽሐፍ ትርጓሜ ስንማር አንዱን ንባብ «አንድም፣ አንድም» እያልን እንደምናትት እርሱም እንዲሁ አተተው። መብራቱ ከመንገዱ ጉድጓድ ጋር የሚርገበገብ ከሆነ የላላ ወይም የበሰበሰ ማያያዣ አለ። ከሞተሩ ዙር ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ቺንጋው ይንሸራተታል፤ አንድም የዲናሞው ካርቦን አልቋል። ከልክ በላይ ደምቆ አምፖል የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ሬጉሌተሩ ተበላሽቷል፤ ባትሪውም ውሃውን እያፈላ ይጨርሳል። የእኛ ፒክአፕ ሕመም የመጀመሪያው ዓይነት ነበር።

ከዚያም ለካ። ሞተሩ ሳይነሣ ባትሪው 12.2 ቮልት አሳየ፤ ጠግቦ ያደረ ባትሪ ወደ 12.6 ሊኖረው ይገባል። ሞተሩ ተነሥቶ መብራቱ ሲበራ 12.9 ሆነ፤ በደህና መኪና አብዛኛውን ጊዜ ከ13.8 እስከ 14.5 ይደርሳል። እኔ ብሆን «ዲናሞው ሞቷል» ብዬ ሌላ ዲናሞ ባስገዛሁ ነበር። እርሱ ግን በዲናሞው በራሱ ላይ፣ ከኃይል መውጫው እስከ አካሉ ለካ፤ 14.1 አገኘ። ዲናሞው ሥራውን ይሠራል፤ ቀይዋ መብራትም ያልበራችው ስለዚህ ነው። እንግዲያስ 1.2 ቮልት በመንገድ ይቀራል። ከዲናሞው መውጫ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ለካ፤ 0.1 ብቻ። ከሞተሩ ብረት እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ለካ፤ 1.1። ሒሳቡ ሞላ። በዚያ በኩል ከ0.2 ማለፍ አልነበረበትም።

ጥፋቱ መካኒኮች «ማሳ» በሚሉት፣ ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው በሚመለስበት ወፍራም ገመድ ላይ ተገኘ። ከሞተሩ ጋር የታሰረበት ጫፍ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል፤ ከመዳብ ክሮቹም ብዙዎቹ ተበጥሰዋል። መኪናዋ በተናጠች ቁጥር የቀሩት ክሮች ሲነካኩና ሲለያዩ መብራቱ ይርገበገባል። ሞተሪኖውም ኃይሉን የሚያገኘው በዚያው ገመድ ነበረና ማለዳ ይደክም ነበር። ሁለቱ ባትሪዎች ያለ ጥፋታቸው ተከስሰዋል።

ሰውየው አስቀድሞ የኔጌቲቩን ገመድ ፈታ፤ የዛገውን ስፍራ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈተገ፤ ከከተማ በተገዛ አዲስ ገመድም አሰረ። እኔ ለማየት ጎንበስ ስል የአንገት መስቀሌን በእጁ ያዘና «ይህም ብረት ነው፣ አባታችን» አለኝ፤ በባትሪው ሁለት ጫፎች መካከል ቢያርፍ እሳት ይፈጥራልና። ጧፍ ይዞ የመጣውንም ልጅ መለሰው፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይቀጣጠላል። አንዳንድ ሹፌሮች ዲናሞውን ለመፈተን ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ እንደሚነቅሉ ነግሮን ይህን ከቶ እንዳናደርግ አስጠነቀቀን፤ ደህናውን ዲናሞ ያበላሻልና።

እኛ ሥራው አለቀ ስንል እርሱ ቺንጋውን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ላልቷል፤ ጎኑም ተሰነጣጥቋል። እንደ ቶዮታ 2ኤልና 3ኤል ባሉ የቆዩ የናፍጣ ሞተሮች፣ የፍሬኑን ረዳት ኃይል የሚሰጠው ቫኪዩም ፓምፕ በዲናሞው ጀርባ የተገጠመ ነው፤ የእኛም እንዲሁ ነው። ቺንጋው ቢበጠስ ባትሪው ኃይል ማጣቱ ብቻ አይደለም፤ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ከረገጡት በኋላ ፍሬኑ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ዲያቆኑ ይህን ሲሰማ ወደ ተራራው ቀና ብሎ ተመለከተ። ያን ሌሊት ስንወርድ ስለ መብራቱ ብቻ ነበር የተጨነቅነው።

አዲስ ቺንጋ ተገጠመ፤ መብራቱ እንደ በራ ባትሪው 14.0 አሳየ፤ ከተራም ሳይደርስብን ወደ ዮርዳኖስ ወረድን። ከዚያ ወዲህ ዲያቆኑ ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ኮፈኑን ከፍቶ ቺንጋውን ይጫናል። በመጋዘን የተጣለውን የፊተኛውን ባትሪ ደግሞ ያ ተሳላሚ ሌሊቱን በዝግታ ሞልቶት ነበር፤ ጠዋት 12.6 አሳየ። አሁን በኢያሪኮ መብራት ሲጠፋ የእንግዳ ቤቱን አምፖል የሚያበራው እርሱ ነው።