የማሲንቆ ልጅ ትምህርት

የጥምቀት ታቦት መንበሩ ገብቶ፣ እህሉም ከአውድማ ወደ ጎተራ ተሰብስቦ ሲያበቃ የወሎው ላስታ ይደግሳል። ከጥር አጋማሽ እስከ ዐቢይ ጾም ቅበላ ባሉት ሳምንታት ዳስ ያልተጣለበት ቀበሌ ማግኘት ይቸግራል። አዝማሪም የዓመት እንጀራውን በደንብ የሚያገኘው ያኔ ነው። ማሲንቆውን አንግቶ ከአንዱ ድግስ ወደ ሌላው ሲሻገር ብዙ ጊዜ ብቻውን አይሆንም፤ ሚስቱ ዘፋኝ ከሆነች አብራው ናት፣ ልጃቸው ደግሞ ከኋላ ይከተላል። ከድግሱ ሰው መካከል ልጁን ልብ የሚለው የለም። እሱ ግን ትምህርት ላይ ነው።

ስለ አውታር መሣሪያ ትምህርት ሲነሣ ለብዙዎቻችን ቀድሞ የሚታሰበን ቫዮሊን፣ ኖታና የሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። በዚያ መንገድ ያለፉ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከቀደምቶቹ አንዷ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ናቸው። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልደው በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ዓለም የሚያውቃቸው በፒያኖ ቢሆንም መጀመሪያ የጀመሩት ቫዮሊን ነበር። ኋላም ካይሮ ላይ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ ሁለቱንም መሣሪያዎች አጠኑ። ከዚያ በኋላ ግን ሁሉን ትተው መነኑና አምባሰል ወሎ ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ወጡ፤ አሥር ዓመትም በባዶ እግራቸው ኖሩባት። በዚያው በወሎ ተራሮች ላይ፣ ማንም ትምህርት ቤት ብሎ ያልሰየመው ሌላ የአውታር ትምህርት በየአዝማሪው ቤት ይሰጥ ነበር። ዛሬም ይሰጣል።

ማሲንቆ ሲያዩት ቀላል ነው። በማዕዘኑ የቆመ፣ ፊቱ በቆዳ የተወጠረ የእንጨት ሣጥን፤ ከሣጥኑ ሽቅብ የወጣ ረጅም አንገት፤ ጫፉ ላይ አንድ መቃኛ፤ ከመቃኛው እስከ ሣጥኑ ግርጌ የተዘረጋ አንድ አውታር። አንድ ይባል እንጂ ብዙ የፈረስ ጭራ በአንድ ላይ የታሰረበት ነው። ደጋኑም ቢሆን ቀስት ሆኖ በጎበጠ እንጨት ላይ የተወጠረ የፈረስ ጭራ ነው። ጭራ ጭራን ይዞ ድምፅ የሚያወጣው ሙጫ ሲነካው ነው፤ ሙጫ ያልነካው ደጋን ዝም ብሎ ይንሸራተታል። የልጁ የመጀመሪያ ሥራም ከዚህ ይጀምራል፦ ደጋኑን ሙጫ ማሸት፣ የተበጠሰ ጭራ መለየት፣ ቆዳው ሲላላ ፀሐይ ወይም እሳት ዳር ማሞቅ። በደጋው ጉምና ዝናብ ቆዳ ውሃ ይስባል፤ ውሃ የሳበ ቆዳ ደግሞ ድምፅ ያፍናል። ልጁ ዜማ ከማወቁ በፊት መሣሪያው መቼ ደኅና እንደሆነና መቼ እንደታመመ በጆሮው ይለያል።

ከባዱ ነገር ያለው ግራ እጅ ላይ ነው። ቫዮሊን ሲመታ ጣት አውታሩን ከእንጨቱ ጋር ያጣብቀዋል፤ ድምፁም ጣቱ ባረፈበት ቦታ ይወሰናል። የማሲንቆ አውታር ግን ከአንገቱ ርቆ ስለተወጠረ ጣት ከእንጨት ጋር አይገናኝም፤ አየር ላይ ያለውን ጭራ በጎኑ ይነካዋል እንጂ። አንገቱ ላይ ምልክት የለ፣ መስመር የለ። ጣቱ ትንሽ ጠበቅ ካደረገ ድምፁ ሽቅብ ይሸሻል፣ ላላ ካለ ይወርዳል። ሙሉው ዜማ የሚወጣው አንድ እጅ ሳይንቀሳቀስ ጣቶቹ በሚደርሱበት ጠባብ ስፍራ ውስጥ ነው። አንድ ልጅ «ጣቱ ገባ» እስኪባል ድረስ ዓመታት ቢፈጅበት አይገርምም።

ጣቱ የሚገባው ደግሞ ወደ አራቱ ቅኝቶች ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ባቲና አምባሰል የወሎ አገሮች ስም መሆኑን ላሰበ፣ የላስታ ልጅ እነዚህን ዜማዎች የሚሰማው በአገራቸው ነው። አንቺ ሆዬ ጣትን አብዝታ ትፈትናለች፤ ከአምስቱ ድምፆች ሁለት ጊዜ ሁለት ሁለቱ እጅግ ስለሚቀራረቡ ጣቶቹ ሊነካኩ ይደርሳሉ። እዚያ ላይ የፀጉር ያህል መሳሳት ዜማውን ወደ ሌላ ቅኝት ይወስደዋል፤ ዘፋኟም ወዲያው ታውቀዋለች። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ተመራማሪ ሲንቲያ ኪምበርሊን በ1976 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው የዶክትሬት ጥናት ይህንኑ የማሲንቆና የቅኝት ጉዳይ የመረመረ ነበር። አባትየው ግን ለልጁ በቃል የሚያስረዳው ነገር ጥቂት ነው። ይመታል፣ ልጁ ያያል፤ ልጁ ይመታል፣ አባት ይሰማል፤ ካልሆነ ማሲንቆውን ይቀበለውና ደግሞ ይመታል።

ጃፓናዊው የቫዮሊን መምህር ሺኒቺ ሱዙኪ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በዓለም የታወቀው ተመሳሳይ ሐሳብ ይዞ ነበር። ሕፃን አፉን በእናቱ ቋንቋ እንደሚፈታ ሁሉ ቫዮሊንንም ገና በጠዋቱ፣ ኖታ ከማንበቡ በፊት፣ በጆሮውና ወላጁ አብሮት ተቀምጦ ሊማር ይችላል አለ። ሐሳቡ በአውሮፓና በአሜሪካ እንደ አዲስ ግኝት ተቆጥሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተከፈቱበት። የአዝማሪ ቤት ይህን ዘዴ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። ልዩነቱ የላስታው ልጅ በመጨረሻ የምስክር ወረቀት አለማግኘቱ ነው፤ ይህም ትንሽ ልዩነት አይደለም።

ጣት ከገባ በኋላ የትምህርቱ ግማሽ ገና ይቀራል። ማሲንቆ ያለ ግጥም አያበላም። ድግሱ ሞቅ ሲል ከእንግዶቹ አንዱ «ተቀበል!» ይልና ሁለት ስንኝ ይወረውራል። አዝማሪው ደጋኑን ሳያቆም ስንኙን አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዛል፣ ዜማ ያለብሰዋል፣ መልሶም ለተሰብሳቢው ይሰጣል። የተሰጠው ግጥም ቤት ባይመታ እሱ ያቃናዋል፤ ተናጋሪው ቢንተባተብ እሱ ይሞላለታል። እንግዳው ሲስቅ ብር በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጠፋል። ከዚያ በኋላ ተራው የራሱ ነው፦ የማያውቀውን ሰው አይቶ፣ ስሙንና አገሩን ጠይቆ፣ በዚያች ቅጽበት ስለ እሱ መግጠም። ውዳሴ ብቻ ከሆነ ይሰለቻል፤ ሰሙ ውዳሴ ሆኖ ወርቁ ወጋ ሲያደርግ ነው ዳሱ የሚነቃው።

ልጁ ይህን የሚማረው በጆሮው ብቻ ሳይሆን በዐይኑም ነው። የሙሽራዋ አባት የቱ ነው? በቅርብ ሐዘን የገባበት ቤተሰብ አለ? ማን ከማን ጋር ተኳርፏል? ያልሆነ ስም በማሞገስ ድግስ ማደፍረስ ይቻላል። አዋቂ አዝማሪ ዳስ ሲገባ ማሲንቆውን እየቃኘ ሰውንም ይቃኛል። በሰው ፊት ምሥጢር መለዋወጥ ካስፈለገው ደግሞ አዝማሪዎች በመካከላቸው ብቻ የሚግባቡበት የሙያ ቋንቋ አላቸው፤ ልጁ ያንንም ከአማርኛው ጎን ለጎን ይይዛል። ይህ ሁሉ አንድ ላይ ሲቆጠር፣ አሥራ አምስት ዓመት የሞላው የአዝማሪ ልጅ የተማረው ነገር ከየትኛውም የሙዚቃ ተማሪ ያንሳል ማለት ይከብዳል።

የመጀመሪያው ሥራ የሚመጣው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ ከአባት ጋር ተደርቦ መቀበል፣ ቀጥሎ አባት ሲደክመው አንድ ሁለት ዘፈን መሸፈን፣ ከዚያ የራሱን ማሲንቆ ይዞ ከእኩያ ጋር ወደ ከተማ መውጣት። ጃፓናዊው የባህል ተመራማሪ ኢትሱሺ ካዋሴ በ2006 እ.ኤ.አ. በሠራው ዘጋቢ ፊልም የጎንደር አዝማሪ ልጆችን አሳይቷል፤ ማሲንቆ ይዘው በምሽት ከመጠጥ ቤት መጠጥ ቤት ይዞራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ይባረራሉም። ሌሊት የሠራ ልጅ ጠዋት ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚነቃ መገመት አያዳግትም። ሴቷ ልጅ ደግሞ በልማዱ ትዘፍናለች፣ ትጨፍራለች እንጂ ማሲንቆ አትይዝም። ጆሮዋ ከወንድሟ እኩል እየሠለጠነ ጣቷ እንዳይሠለጥን መደረጉ ሙያውን ግማሽ ተጫዋቾቹን አሳጥቶታል።

አዝማሪ ተወዶ የሚናቅ ባለሙያ ነው። ድግስ ያለ እሱ አይደምቅም፤ ጋብቻ ሲነሣ ግን ከእሱ የሚሸሽ ብዙ ነው፤ ስለዚህም አዝማሪ ከአዝማሪ ሲጋባ ኖሯል። ቀድሞ መኳንንቱ በየቤታቸው አዝማሪ ያኖሩ ነበር፤ ወደ ጦርነት ሲሄዱም አስከትለውት ይሄዱ ነበር። የቃሉን ጉልበት ጠላትም አውቆታል። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በፋሺስት ኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ፋሺስቶቹ ከጠንቋይና ከባሕታዊ ጋር ደርበው አዝማሪዎች እንዲገደሉ አዘዋል፤ ትንቢትና ዘፈን እያሰሙ ሕዝቡን ያነሣሡብናል ብለው።

በደርግ ዘመን ለወሎ ወጣት ሙዚቀኛ አዲስ በር ተከፈተ። የኪነት ቡድኖች በየቦታው ተቋቋሙ፤ በላሊበላ ስም የተሰየመው የወሎ ኪነትም ማሪቱ ለገሠን የመሰለች ድምፃዊት ለአገር አስተዋወቀ። ማሲንቆ መቺ ከዳስ ወጥቶ መድረክ ላይ በደመወዝ መቀመጥ ቻለ። በሌላ በኩል የሰዓት እላፊው የምሽት ሥራን ገድሎት ስለነበር፣ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አዲስ አበባ ውስጥ፣ ይልቁንም ካዛንቺስ፣ አዝማሪ ቤቶች ፈሉ። ከወሎ፣ ከጎንደርና ከጎጃም ለሚመጣ ወጣት ካዛንቺስ ሥራ መፈለጊያም መፈተኛም ሆነች። ስሙ ከወጣ የባህል ምግብ ቤት፣ ቴአትር ቤት፣ የውጭ አገር ጉዞ ይከተላል። ካልወጣ ወደ ድግስ መንገድ ይመለሳል።

ሦስተኛው መንገድ የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ይህ ትምህርት ቤት ከቫዮሊንና ከፒያኖ ጎን ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ያስተምራል። እዚያ ተማሪው ኖታ ያነባል፣ ከሌሎች መሣሪያዎች ጋር መጫወት ይለምዳል። ሴት ልጅ ማሲንቆ ብትይዝም የሚያስደነግጥ አይደለም። የሚጎድለው «ተቀበል!» የሚል ሰው ነው። በአንጻሩ ከላስታ የመጣው ልጅ «ተቀበል!» የሚለውን በሚገባ ያውቃል፤ የ12ኛ ክፍል ውጤት ግን የለውም። ሁለቱ መንገዶች እንዳይገናኙ የሚያደርግ የሙዚቃ ምክንያት የለም፤ ያራራቃቸው ደንብ ነው።

ሊገናኙ እንደሚችሉ የሚያሳይ ምሳሌ ሩቅ አይደለም። ግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ቀማሪ ሐሊም ኤል ዳብ በ1963 እ.ኤ.አ. ከየአካባቢው የመጡ የባህል መሣሪያ ተጫዋቾችን አሰባስቦ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ፤ ኋላም ተስፋዬ ለማ መራው። በቡድኑ የነበሩት የማሲንቆ ሊቅ ጌታመሳይ አበበ፣ ቻርልስ ሳተን ለተባለ የአሜሪካ ሰላም ጓድ አባል ማሲንቆ አስተማሩት። ሳተንም መጫወቱን አውቆ ከቡድኑ ጋር በ1969 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ዞረ፤ በታዋቂው የኤድ ሱሊቫን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይም ቀረቡ። በተጫዋች ጉልበት ሥር ተቀምጦ የተማረ ሰው መድረክ ላይ ደረሰ።

በላስታዋ ላሊበላ ከተማ ግን የወጣቱ አዝማሪ ገበያ ባለፉት ዓመታት ተናግቷል። ለታኅሣሥ 29 የሚጎርፈው ምእመንና ዓመቱን ሙሉ የሚመጣው ጎብኚ እንደ ቶርፔዶ ያሉትን ጠጅ ቤቶች ሲያሞቅ፣ የአዝማሪው ማታም አብሮ ይሞቅ ነበር። ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማዋ ገባ፤ ከዚያ በኋላም ሰላሟ ተደላድሎ አልቆየም። ጎብኚ ሲጠፋ ወጣቱ የሚደገፈው በሠርግ ብቻ ነው፤ ሠርጉም በሁዳዴው 55 ቀን ይቋረጣል። በጾሙ የሚሰማው የበገና ድምፅ ነው፤ ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

እነዚህ ሥራ ፈት ሳምንታት ትምህርት ቤቶች ክፍት የሆኑባቸው ሳምንታት ናቸው። በላስታ አንድ አንጋፋ አዝማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ወደ አካባቢው ትምህርት ቤት ገብቶ ወንዱንም ሴቷንም ልጅ ማሲንቆ ቢያስተምርና አበል ቢከፈለው፣ ወጪው የአንድ ሠርግ ያህል እንኳ አይሆንም። የያሬድ ትምህርት ቤትም በማሲንቆ ተማሪ ሲመለምል፣ ከፈተናዎቹ አንዱ ሁለት ስንኝ ሰምቶ መቀበል ቢሆን ከደጋው የሚመጡት ልጆች የሚያልፉት በችሎታቸው ነበር።