ስለ ቦሎቄና ስለ ጨው ጊዜ

በዋሺንግተን ከተማ ዙሪያ ካሉት የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች በአንዱ በወጥ ቤትነት የምታገለግል አንዲት የአገራችን ልጅ፥ አሜሪካኖቹ ሽማግሌዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁትን፥ በጢስ ከታጠነ የአሳማ ቅልጥም ጋር የሚቀቀለውን ነጭ ቦሎቄ ሠርታ ብታቀርብላቸው ግማሹን በሳሕኑ ላይ እየተዉ እንደሚነሡባት ነግራኝ፥ ከዚያው ቦሎቄ በክዳን ዕቃ ያመጣችውን ከፊቴ አስቀምጣ፥ «ጋሼ፥ ምን ልጨምርበት?» አለችኝ። የነጭ ሽንኩርቱን ዱቄት፥ ማጊውን፥ ቁንዶ በርበሬውን፥ ሚጥሚጣውን ሳይቀር ጨምራበታለች። ቀመስኩት፤ (በሰው አገር ማዕድ ቤት ያረጀ ሰው ቀምሶ መትፋትን ይማራልና አንባቢ በአሳማው ነገር አይፍረድብኝ።) ሾርባው ጨው ጨው ሲል ፍሬው ግን ውኃ ውኃ ይላል፤ አንዱን በቢላዋ ጫፍ ከፍዬ ባየው፥ ቅርፊቱ ተተርትሮ ልቡ እንደ ኖራ ነጭና ደረቅ ነበር። ብጠይቃት፥ ቦሎቄውን ጨው እንዳይነካው ፈርታ በባዶ ውኃ ከቀቀለችው በኋላ፥ ቅልጥሙን ለብቻው አብስላ በመጨረሻ አዋሕዳዋለች። ነገሩ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ ያልጠፋው ልጅቱ ሰነፍ ስላልሆነች ነው፤ የተማረችውን ሁሉ ጠንቅቃ ፈጽማለች፥ የተማረችው ግን ስሕተት ነበር።

በገባሁበት ማዕድ ቤት ሁሉ፥ ወጥ ቤቱ የአዲስ አበባ ሰው ቢሆን የቨርጂኒያ ሰው፥ አንድ ትምህርት እንደ ሃይማኖት ቀኖና ሲነገር እሰማለሁ፤ ይኸውም ጥራጥሬ ሳይበስል ጨው ከነካው ይደነድናል፥ ጨው የሚገባውም ድስቱ ሊወርድ ሲል ነው የሚል ነው። ማን እንደ ደነገገው፥ በምንስ እንደ ተፈተነ የሚጠይቅ የለም፤ አያት ለልጅ ልጅ፥ ዋናው ወጥ ቤት ለረዳቱ ያወርሰዋል። ይህን ማስተባበል ከሰለቸኝ ቆይቷል፤ ዳሩ ግን ሰሚ እስኪገኝ መድገም የሙያ ግዴታ ነውና እነሆ እደግመዋለሁ።

የዚህ ትምህርት ሐሰትነት፥ ሩቅ ሳይኬድ፥ በዚያው በቅልጥምና በቦሎቄ ድስት ይታወቃል። የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ምግብ ቤት ከ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንሥቶ የሚያቀርበው ዝነኛ የቦሎቄ ሾርባ አለ፤ ልማዱን ያስጀመሩት የአይዳሆው ሴናተር ፍሬድ ዱቦይስ ናቸው የሚሉ አሉ፥ የሚኒሶታው ክኑት ኔልሰን ናቸው የሚሉም አሉ፥ ክርክሩን ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። አሠራሩ 2 ፓውንድ ደረቅ ነጭ ቦሎቄ፥ ፓውንድ ተኩል የታጠነ ቅልጥም፥ 4 ኳርት ሙቅ ውኃ፥ አንድ ራስ ሽንኩርትና ጥቂት ቅቤ ሲሆን፥ ቦሎቄውና ቅልጥሙ ከመጀመሪያው አብረው ተከድነው 3 ሰዓት ያህል በዝግታ ይንተከተካሉ። ቅልጥሙ ደግሞ ወደ ጢስ ከመግባቱ አስቀድሞ በጨው የሰነበተ ነውና ጨዉን ያለ ማንም ፈቃድ ለድስቱ ይለቃል። እንግዲህ ጨው ቦሎቄን የሚያደነድን ቢሆን ኖሮ፥ ሴናተሮቹ ይህን ሁሉ ዘመን ጠጠር ሲቆረጥሙ በኖሩ ነበር!

የነገሩ ባሕርይ እንዲህ ነው። የቦሎቄውን ቅርፊት አጽንቶ የያዘው ፔክቲን የሚባለው ነገር ሲሆን፥ ፔክቲኑን የሚያስተሳስሩት ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው፤ ፍሬው በጨው ውኃ ሲዘፈዘፍ በጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም የእነዚያን ስፍራ ይወስዳል፥ ማሰሪያውም ይላላል፥ ቅርፊቱም ሳይተረተር ይለሰልሳል። ለጣዕም ጉዳይ ግን ሁለተኛው ጥቅም ይበልጣል፤ ጨው ወደ ፍሬው ልብ ለመግባት ጊዜ ይሻልና፥ በመጨረሻዋ ሩብ ሰዓት የተነሰነሰው ሾርባው ውስጥ ቀርቶ ፍሬውን እንደ ነበረ ይተወዋል። በላተኛው «ጣዕም የለውም» የሚለው፥ ወጥ ቤቱም የጎደለው ቅመም መስሎት ቅመም በቅመም ላይ የሚደራርበው ከዚያ ወዲያ ነው፤ ቅመሙም ከሾርባው አያልፍም።

ቦሎቄን በእርግጥ የሚያደነድን ከተፈለገ ቲማቲምና ኮምጣጤ አሉ፤ ከመለስለሱ በፊት የገባ ኮምጣጣ ነገር ቅርፊቱን ያጸናዋልና። የቦስተን ሰዎች ቦሎቄያቸውን በሞላሰስ ለረጅም ሰዓት በምድጃ ሲያበስሉ ፍሬው ሳይፈርስ የሚቆየው ሞላሰሱ ኮምጣጣነትም ካልሲየምም ስላለው ነው። ካልሲየም የበዛበት ውኃም እንዲሁ ያደርጋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን በመደርደሪያ ላይ ዓመታት የከረመ ቦሎቄ ነው፥ በዚህ ረገድ ነጩ ቦሎቄ በመቂና በዝዋይ አካባቢ የሚበቅልለት የአገር ቤት አንባቢ ከእኛ ይልቅ ዕድለኛ ነው። ይህ ሁሉ ተከሳሽ እያለ ዘወትር ወደ ችሎት የሚጎተተው ጨው ብቻ መሆኑ ያስገርመኛል።

የቀረው በአጭሩ ይነገራል። ቅልጥሙ አስቀድሞ ለብቻው አንድ ሰዓት ቢንተከተክ ጢሱንም ጣዕሙንም ለውኃው ይሰጣል፤ ሽንኩርቱ በቅቤ ቀላ ብሎ ይግባ፤ ከፍሬው ጥቂቱ በጭልፋ ጀርባ በድስቱ ጎን ቢደቆስ ሾርባው ይወፍራል፤ ኮምጣጤ ካሻችሁ ድስቱ ሲወርድ አንድ ማንኪያ ትበቃለች። የኦሪትን ሕግ የሚጠብቅ ሰው በጢስ የታጠነ የቱርክ ዶሮ እግር ቢተካበት ብዙ አይጎድልበትም፥ በአሜሪካም ከአሳማ የሚርቁ ብዙዎች እንዲሁ ያደርጋሉ።

ስለዚህ ነገ ቦሎቄ ልታበስሉ ያሰባችሁ ሁሉ፥ በየሊትሩ ውኃ 15 ግራም ያህል ጨው አሟሙታችሁ ዛሬ ማታ ዘፍዝፉት፤ ጧት አጥባችሁ ቅልጥሙ በተንተከተከበት ውኃ ጣዱት፤ ሌላ ጨው ለመጨመር የምትወስኑም እንደ ሆነ ፍሬውን ቀምሳችሁ እንጂ ሾርባውን ቀምሳችሁ አይሁን።